የቮልስ ሞተር ቤት ውስጥ አውርዶ ማደስ፦ ሙሉ አሠራር ከነልኮቹ

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ብቻ ነው። ራዲያተር የለውም፣ የውሃ ቱቦ የለውም፣ ክብደቱም 110 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ሁለት ሰውና አንድ ጠንካራ ክሪክ በግማሽ ቀን መሬት ያወርዱታል። ከባዱ ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታድሶ ገብቶ ዓመት ሳይሞላው የሚወርድ ሞተር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ ሳይለካ የተገጠመ ብሮንዚና (የሚዞር ዘንግ የሚያርፍበት ስስ ማቀፊያ)፣ በዘይት መተላለፊያ ውስጥ የቀረ ብናኝ፣ ወይም "ምን ያደርጋል" ተብሎ የተጣለ የማቀዝቀዣ ቆርቆሮ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማውረዱን በአጭሩ፣ መለካቱንና መግጠሙን በስፋት ያያል።

ልኮቹ ለባለ 12 ቮልቱ 1300፣ 1500 እና 1600 ሞተር ናቸው። የየትኛው እንደሆነ ከፒስተኑ ስፋት ይታወቃል፦ 77 ሚ.ሜ ለ1300፣ 83 ሚ.ሜ ለ1500፣ 85.5 ሚ.ሜ ለ1600። የ1200ውም ፒስተን 77 ነው፤ የሚለየው የክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ምት፣ ማለትም ፒስተኑ የሚሄደው ርቀት፣ 69 መሆኑ ቀርቶ 64 ሚ.ሜ በመሆኑ ነው።

"ፊት" ሲባል ሁልጊዜ የመኪናው ፊት ነው። ቮላኖው (ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባድ ክብ ብረት) በሞተሩ ፊት፣ ፑሊው በኋላ ነው ማለት ነው። ሲሊንደር 1 ቀኝ ፊት፣ 2 ቀኝ ኋላ፣ 3 ግራ ፊት፣ 4 ግራ ኋላ ናቸው። የማቀጣጠል ተራው 1-4-3-2 ነው።

ከመፍታት በፊት

ሞተሩ ገና መኪናው ላይ እያለ ሁለት ምርመራ አድርጉ፤ ብሎኩ (ክራንክ ሻፍቱን የያዘው የሞተሩ አካል) መከፈት እንዳለበትና እንደሌለበት የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

አንደኛው ኮምፕሬሽን ነው። ሞተሩን አሙቁ፣ አራቱንም ካንዴላ ፍቱ፣ የቦቢናውን ገመድ ንቀሉ፣ ቤንዚን ፔዳሉን እስከ መጨረሻ አስረግጣችሁ በሞተሪኖ አዙሩ። የፋብሪካው መመሪያ ለ1600 የሚሰጠው ከ8 እስከ 10 ባር ነው፤ ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ጤነኛ ሞተር እዚያ ከ6 እስከ 7.5 ባር ቢያሳይ ትክክል ነው። ድሬዳዋ ላይ ያው ሞተር ከ7 እስከ 8.5 ይሰጣል። ይህን ባለማወቅ ደህና ፒስተንና ሲሊንደር የሚጣልበት ጊዜ ብዙ ነው። ከቁጥሩ ይልቅ በአራቱ መካከል ያለውን ልዩነት እዩ፤ አንዱ ከሌሎቹ ከ1.5 ባር በላይ ካነሰ ችግሩ እዚያ ነው። ያንን ሲሊንደር ሁለቱም ቫልቮች ተዘግተው ፒስተኑ ጫፍ ላይ እንዲቆም አድርጉና በካንዴላው ቀዳዳ በኮምፕሬሰር አየር ስጡት። ካምቢዮው ማርሽ ውስጥ፣ የእጅ ፍሬኑም የተያዘ ይሁን፤ አለዚያ አየሩ ሞተሩን ያዞረዋል። በማርሚታው ከተነፈሰ የጭስ ቫልቭ፣ በካርቡራተሩ ከተነፈሰ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከተነፈሰ ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) ነው።

ሁለተኛው የክራንክ ሻፍቱ የፊትና የኋላ ጨዋታ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ የታችኛውን ፑሊ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ኋላ ሳቡ፣ ወደ ፊት ግፉ። በእጅ የሚሰማ ግልጽ "ቀጭ ቀጭ" ካለ ትርፍ ነው። በዳያል ጌጅ ሲለካ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚ.ሜ መሆን አለበት፤ 0.15 ካለፈ ሞተሩ መውረድ አለበት። ጨዋታው ይህን ያህል ከሰፋ ቁጥር 1 (ቮላኖው በኩል ያለው) ብሮንዚና ብሎኩ ውስጥ መራመድ ጀምሯል፤ ባሽከረከራችሁ ቁጥር ብሎኩን ይበላዋል።

ኮምፕሬሽኑ ወርዶ የክራንኩ ጨዋታ ደህና ከሆነ፣ የዘይት መብራቱም ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ የማይበራ ከሆነ፣ ብሎኩን አትክፈቱ። ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበት የሲሊንደሮቹ ክዳን)፣ ሲሊንደር፣ ፒስተንና ፋሻ ብቻ ማደስ ይበቃል፤ ጤነኛ ታችኛ ክፍል መክፈት ትርፉ ወጪ ነው።

ብሮንዚና ቀድማችሁ አትግዙ። ክራንኩ ተለክቶ ምን ያህል መላጥ እንዳለበት ሳይታወቅ የተገዛ ብሮንዚና ብዙ ጊዜ አይሆንም። አሮጌው ብሮንዚና ጀርባው ላይ ልኩ የተመታበት ስለሆነ ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና መለዋወጫ ገበያ) ስትወርዱ እሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ማውረድ

1. ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ነው። የኔጋቲቩን ገመድ ንቀሉ። ዘይቱን አፍስሱ፤ 2.5 ሊትር ነው።

2. የቤንዚን ቱቦውን ከሞተሩ ፊት፣ ከግድግዳው ሥር ካለው ብረት ቱቦ ላይ ንቀሉና ወዲያው በሚመጥን ብሎን ድፈኑት። የቮልስ ሞተር ቃጠሎ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከተሰነጠቀ የቤንዚን ቱቦ ነውና ይህ ቱቦ ሲመለስ አዲስ ይሁን፣ ሁለቱም ጫፍ በማሰሪያ ይታሰር።

3. የአየር ማጣሪያውን አውጡ። የዲናሞ፣ የቦቢና፣ የካርቡራተሩ ቾክና የዘይት መብራት ሽቦዎችን ከመንቀላችሁ በፊት በፕላስተር ምልክት አድርጉባቸው።

4. የጋዝ ገመዱን ከካርቡራተሩ ፈትታችሁ በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ባለው ቱቦ ወደ ፊት ጎትቱት። ከመኪናው ሥር ደግሞ ሁለቱን የማሞቂያ ገመዶችና ሁለቱን ትልልቅ የማሞቂያ ቱቦዎች ንቀሉ። ከፑሊው ኋላ ያለውን ቆርቆሮ አንሱ።

5. የታችኞቹን ሁለት 17 ቁጥር ዳዶዎች ፍቱ። ለላይኞቹ አንድ ሰው ከማራገቢያው ጀርባ እጁን አስገብቶ ይይዛል፣ ሌላው ከታች ይፈታል። የቀኙ ላይኛ ብሎን ሞተሪኖውንም የሚይዘው ነው። በአንዳንድ ሞዴል ላይ ዳዶው ራሱ ብሎኩ ላይ ስለተያዘ ያለ ረዳት ይፈታል።

6. ክሪኩን መሃል ላይ አድርጉ፤ በክሪኩና በሞተሩ መካከል ሰፊ ጣውላ ይግባ። የዘይት ማጣሪያው ክብ ክዳን ቀጭን ስለሆነ ክብደቱን ብቻውን ከተሸከመ ይጎብጣል።

7. ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ኋላ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳቡት። የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ መዘንበል የለበትም፤ ከተንጠለጠለበት የፍሪሲዮኑ ዲስክ ይጣመማል፣ መኪናው ሲነሳም ይንቀጠቀጣል። ከወጣ በኋላ አውርዱት፤ ከዚያ የመኪናው ኋላ ባምፐሩ 90 ሴንቲ ሜትር እስኪደርስ ተነስቶ ሞተሩ ከሥሩ ይውጣ።

መኪናው የተነሳበት ክሪክ ብቻውን እያለ ማንም ሰው ከሥር አይግባ። በሁለቱም ጎን ወፍራም እንጨት ወይም የብረት መደገፊያ ይቁም፤ ብሎኬት አይሆንም፣ ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል።

መበተን

ከሁሉ በፊት ቮላኖው ይፈታ፤ ሞተሩ ሙሉ ክብደቱን ይዞ ሳለ ነው የሚቀለው። የፍሪሲዮኑን ብሎኖች አንዱን ጨርሳችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ እያንዳንዱን በተራ አንድ አንድ ዙር እያላላችሁ ፍቱ፣ አለዚያ ፕሌቱ ይጎብጣል። የቮላኖው መሃል ዳዶ 36 ቁጥር ነው፤ በ300 ኒውተን ሜትር የጠበቀ ስለሆነ በመዶሻና በመሮ አትሞክሩት። ሜትር ተኩል የሚሆን ማዕዘን ብረት ሁለት ቦታ ብሱና በፍሪሲዮኑ ቀዳዳዎች ላይ እሰሩት፤ ጫፉ መሬት ይደገፍ፤ መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ አግቡ። ቮላኖው ከመውጣቱ በፊት እሱንና ክራንኩን በፑንቶ ምልክት አድርጉ።

የማርሚታና የማሞቂያ ሳጥኖቹ ዳዶዎች ዝገው ይገኛሉ። ከአንድ ቀን በፊት ዝገት ፈቺ ዘይት ርጩባቸው፣ ስትጀምሩም መጀመሪያ ትንሽ አጥብቁና ከዚያ ፍቱ። በቴስታታው አሉሚኒየም ውስጥ የተሰበረ ብሎን ማውጣት የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

የማራገቢያው ሽፋን ከነዲናሞው ይነሳ። ቀጥሎ ካርቡራተሩ ከነቱቦው፣ ዲስትሪቡተሩ፣ የቤንዚን ፓምፑና በሥሩ ያለችው ዘንግ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው። የዲስትሪቡተሩን ማዞሪያ ዘንግ ስታወጡ ከሥሩ ሁለት ቀጭን ሮንዴላዎች አሉ፤ በማግኔት ተከታተሏቸው። ቴስታታዎቹ፣ ፑሽ ሮዶቹ (ቫልቮቹን የሚገፉት ቀጫጭን ዘንጎች)፣ ሲሊንደሮቹና ፒስተኖቹ ሲወጡ ሁሉም የየት እንደነበሩ ይጻፍባቸው። ታፔትና ካምሻፍት (ፑሽ ሮዶቹን የሚያነሱት ገፊዎችና እነሱን የሚገፋው ዘንግ) አብረው የተላመዱ ናቸው፤ ካምሻፍቱ የሚመለስ ከሆነ እያንዳንዱ ታፔት ወደ ቀዳዳው ይመለሳል።

ብሎኩ ሁለት ግማሽ ነው፤ ክራንኩንና ካሙን የሚይዘው የግራው ነው። ስድስቱን ትልልቅና ዙሪያውን ያሉትን ትንንሽ ዳዶዎች ሁሉ ፈትታችሁ የቀኙን ግማሽ በእንጨት መዶሻ እያንኳኳችሁ አንሱ። አልነሳም ካለ ያልተፈታ ዳዶ አለ። በሁለቱ ግማሾች መካከል ካቻቢቴ ማስገባት ክልክል ነው፤ መጋጠሚያው ያለ ጓርኒሲዮን (በመካከል የሚገባ ማሸጊያ) የሚዘጋ ስለሆነ አንዲት ጭረት የማይቆም የዘይት ፍሳሽ ትሆናለች።

ማጠብና መለካት

የብሎኩ ብረት የማግኒዥየም ቅይጥ፣ ቴስታታው አሉሚኒየም ነው። በነጭ ጋዝና በብሩሽ ይታጠባሉ፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየም ስለሚበላ አይቀርብም። በብሎኩ ውስጥ ረጃጅም የዘይት መተላለፊያዎች አሉ፤ ጫፋቸው በፋብሪካ ተደፍኖ የወጣ ነው። ብሮንዚና የበላ ሞተር ብናኙን እዚያ ስለሚያከማች ድፍኑን ቶርኖ ቤት አስበስታችሁ፣ ጥርስ አስወጥታችሁ፣ በብሎን የሚዘጋ አድርጉት። ከዚያ በቀጭን ብሩሽና በኮምፕሬሰር ከሁለቱም ጫፍ ይጠረጋል። የክራንኩም የዘይት ቀዳዳዎች እንዲሁ፤ በተለይ ተልጦ ከመጣ፣ የመላጫው ድንጋይ ብናኝ ውስጡ ይቀራል።

ብሎኩን ስታዩ ሦስት ቦታ ላይ አተኩሩ። ከሲሊንደር 3 ጀርባ ስንጥቅ አለ ወይ? 1600 ብሎክ የሚሰነጠቅበት የታወቀ ቦታ ነው። የቴስታታ ረጃጅም ብሎኖች ሥራቸው ተነቅሎ ወጥቷል ወይ? ከወጣ የብረት ማስገቢያ ያስፈልገዋል። ሦስተኛው የመሃል ብሮንዚና መቀመጫ ነው፦ ብሎኩን ባዶውን ገጥማችሁ ስድስቱን ትልልቅ ዳዶ አጥብቁና በአንዱ ጫፍ ባትሪ አብርታችሁ በሌላው እዩ። በቁጥር 2 መቀመጫ መጋጠሚያ ብርሃን ካለፈ መሃሉ ተቀጥቅጧል፤ ቶርኖ ቤት መስመሩን አስቦርሾ፣ ውጫዊ ስፋቱ በ0.50 ወይም በ1.00 ሚ.ሜ የሚበልጥ ብሮንዚና መግጠም ግድ ነው። እንዲህ ያለ ብሎክ ውስጥ አዲስ መደበኛ ብሮንዚና ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው።

ክራንኩን በማይክሮሜትር ለኩ፤ መሣሪያው ከሌላችሁ የሚልጠው ቤት ይለካላችኋል። የቁጥር 1፣ 2 እና 3 ማረፊያዎች ከ54.97 እስከ 54.99 ሚ.ሜ፣ የፑሊው በኩል ቁጥር 4 ከ39.98 እስከ 40.00፣ የቢዬላዎቹ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኙት ክንዶች) ማረፊያ ከ54.98 እስከ 55.00 ገደማ ናቸው። እያንዳንዱን በሁለት አቅጣጫ ለኩ፤ ልዩነቱ ከ0.03 ካለፈ ክብነቱን አጥቷልና ወደ ቀጣዩ 0.25 ይላጣል። ከቢዬላ ብሮንዚና ጋር የሚኖረው ክፍተት ከ0.02 እስከ 0.07 ሚ.ሜ፣ መጨረሻው 0.15 ነው።

ሲሊንደርና ፒስተን አብረው ተለክተው በስብስብ ይሸጣሉ። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከ0.04 እስከ 0.06 ሚ.ሜ ሲሆን 0.20 ከደረሰ ስብስቡ ይቀየር። አዲስ ስብስብም ቢሆን ከካርቶኑ ወጥቶ አይገጠምም። ፋሻውን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ በፒስተኑ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉና ጫፎቹ መካከል በፊለር ጌጅ ለኩ፤ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚ.ሜ ይፈለጋል። ከጠበበ በጥሩ ሞረድ ይቀነሳል፤ ፋሻው ሲግል ጫፎቹ ከተገናኙ ሲሊንደሩን ይቧጥጠዋል። አራቱ ፒስተኖች ደግሞ በሚዛን ይመዘኑ፣ በከባዱና በቀላሉ መካከል ከ10 ግራም በላይ አይኑር።

ቴስታታው ላይ የቫልቭ ጋይዶቹን እዩ፤ ቫልቩ ጥቂት ተነስቶ ሲነቀነቅ ጫፉ ከ0.8 ሚ.ሜ በላይ የሚወዛወዝ ከሆነ ጋይዱ ይቀየር። የጭስ ቫልቮቹን ደህና ቢመስሉም ቀይሯቸው። ዕድሜ የጠገበ የጭስ ቫልቭ ጭንቅላቱ ተቆርጦ ሲወድቅ ፒስተኑንም ቴስታታውንም ይዞ ይሄዳል፤ ይህ ጉዳት ደግሞ ሲሊንደር 3 ላይ ይበዛል፤ እ.ኤ.አ. እስከ 1970 በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ነፋስ ስለሚጋርድበት ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። ተሞርዶ ሲመለስ ካንዴላ አስገብታችሁ ቴስታታውን ገልብጡትና ቤንዚን ሙሉበት፤ በቫልቩ ዙሪያ የሚያልብ ከሆነ መልሱት።

የታችኛው ክፍል መግጠም

ቦታው ንጹሕ፣ ነፋስ የማይነፍስበት ይሁን። ክረምትም ቢሆን በጋ፣ ክፍት ግቢ ውስጥ ብሎክ አይዘጋም።

ክራንኩ ላይ መጀመሪያ የሚገባው ቁጥር 3 ብሮንዚና ነው። እሱን ረስቶ ማርሾቹን ያስገባ ሰው እንደገና ለፕሬስ ወደ ቶርኖ ቤት ይመለሳል። ማርሾቹ በ80 ዲግሪ ገደማ በዘይት ውስጥ ሞቀው በቀላሉ ይንሸራተታሉ፤ ቀጥሎ የመሃል ቀለበቱ፣ ከነሐስ የተሠራው የዲስትሪቡተር ማርሽ፣ በመጨረሻ መያዣ ቀለበቱ። ከዚያ ቁጥር 1 እና 4 ይገባሉ፤ የቁጥር 1 የፒን ቀዳዳ ወደ ቮላኖው ያደላል፣ የቁጥር 4 የዘይት ቦይ ወደ ፑሊው ይሁን።

ቢዬላዎቹ ሲጠብቁ ከ30 እስከ 33 ኒውተን ሜትር ነው። በቢዬላውና በክዳኑ ላይ የተመቱት ሁለት ቁጥሮች በአንድ በኩል ይግጠሙ፤ ቢዬላው ወደ ሲሊንደሩ ሲዘረጋ የተቀረጸበት ጉብታ ወደ ላይ ይታይ። ከጠበቀ በኋላ ሁለቱን ትከሻዎች በቀላሉ በመዶሻ ነካ ነካ አድርጉና ቢዬላውን አቁማችሁ ልቀቁት፤ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ መውረድ አለበት። ከቆመ ጠብቋል፣ እንደ ድንጋይ ከወደቀ ሰፍቷል። የጎን ክፍተቱ ከ0.1 እስከ 0.4 ሚ.ሜ ነው።

አሁን ጥንቃቄ የሚጠይቀው ቦታ መጣ። ክብ ብሮንዚናዎቹ በብሎኩ ውስጥ ትንንሽ ፒኖች ላይ ይቀመጣሉ፤ ክራንኩ ከተቀመጠ በኋላ ግን ፒኑ አይታይም። ስለዚህ ባዶውን ብሮንዚና በፒኑ ላይ አስቀምጡና በብሎኩ መጋጠሚያ ልክ በእርሳስ መስመር አስምሩበት። ክራንኩ ሲገባ ያ መስመር ከብሎኩ ጠርዝ ጋር እኩል እስኪሆን ብሮንዚናውን አዙሩት፤ "ቀጭ" ብሎ ሲቀመጥ በእጅ ይታወቃል። ፒኑ ላይ ሳይቀመጥ ብሎኩ ከተዘጋ ብሮንዚናው ይጨፈለቃል፣ አዲስ ስብስብ ሳይሠራ ይጣላል።

ካምሻፍቱ ሲገባ በማርሹ ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ በክራንኩ ማርሽ ሁለት ነጥቦች መካከል ትግባ። ክራንኩን ወደ ኋላ አዙሩት፤ ካሙ ከመቀመጫው ተነሣ ማለት ማርሾቹ እጅግ ጠብበዋል፣ ሌላ ልክ ያለው ካም ማርሽ ይፈለግ። ታፔቶቹ በወፍራም ዘይት ይለወሱ፤ የቀኞቹ ሲገለበጡ እንዳይወድቁ በወፍራም ግሪስ ወይም በሽቦ ይያዙ። የካሙ መድፈኛ ቆብ በማሸጊያ ተቀብቶ ቮላኖው በኩል ይቀመጥ።

በመጋጠሚያው ላይ የማይደርቅ ማሸጊያ በስሱ ይቀባ። ወፍራም ከተቀባ ትርፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ የዘይት ቀዳዳ ይደፍናል። ብሎኩን ግጠሙና ሁሉንም በእጅ አስጠጉ። በቁጥር 1 ብሮንዚና ትልቅ ብሎን አጠገብ ያለችው ትንሽ 8 ሚ.ሜ ዳዶ በ20 ኒውተን ሜትር ቀድማ ትጥበቅ፤ ከዚያ ስድስቱ ትልልቆች በ34 (ውስጣቸው የፕላስቲክ ማሸጊያ ካለ በ25)፣ በመጨረሻ የቀሩት 8 ሚ.ሜ ሁሉ በ20። በየደረጃው ክራንኩን በእጅ አዙሩ። በአንዱ ደረጃ ላይ ከከበደ ወይም ከቆመ፣ ክፈቱት። "ሲሠራ ይላላል" የሚባል ነገር የለም።

የክራንኩ ጨዋታ የሚስተካከለው በሦስት ቀጫጭን ሮንዴላዎች ነው። መጀመሪያ ያለ ዘይት ማገጃውና ያለ ጎማ ቀለበቱ ሁለት ሮንዴላ ብቻ አስገብታችሁ ቮላኖውን አጥብቁና በዳያል ጌጅ ለኩ። ካገኛችሁት 0.10 ቀንሱ፤ የቀረው የሦስተኛው ሮንዴላ ውፍረት ነው። 0.44 ከተለካ 0.34 ይገባል። ሮንዴላዎቹ ከ0.24 እስከ 0.38 ሚ.ሜ በተለያየ ልክ አሉ። ከዚያ ማገጃው ቀጥ ብሎ ገብቶ፣ ከንፈሩ ዘይት ተቀብቶ፣ አዲሱ ጎማ ቀለበት ቮላኖው ውስጥ ገብቶ፣ በ300 ኒውተን ሜትር ይጠብቅ። ይህን የሚለካ ትልቅ መፍቻ ካልተገኘ፣ ከዳዶው መሃል 44 ሴንቲ ሜትር ርቆ በአግድም ቱቦ ላይ የቆመ 70 ኪሎ ሰው ያንኑ ያህል ይሰጣል።

የዘይት ፓምፑ ማርሾች ከመዘጋታቸው በፊት በቫዝሊን ይሞሉ፤ ያለዚያ አየር ስቦ ዘይቱን ሳያነሳ ይቆያል። የዘይት ማጣሪያው ክዳን ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች በ7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው የሚጠብቁት። ሲያፈስ ይበልጥ ማጥበቅ ብሎኑን ከመንቀል በቀር ጥቅም የለውም፤ ክዳኑ ጎብጦ ከሆነ አቃኑት።

ላይኛው ክፍል

ፒስተኑ ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው ያመልክት። ፒኑ አልገባ ካለ ፒስተኑ በፈላ ውሃ ይሙቅ እንጂ አይመታ። የፋሻዎቹ ጫፍ በ120 ዲግሪ ይራራቅ፣ የዘይት ፋሻው ጫፍ ወደ ላይ ይሁን። ሲሊንደሮቹ ከገቡ በኋላ ቴስታታ እስኪታሰር ክራንኩን ካዞራችሁ ይዟቸው ይወጣልና በጊዜያዊ ዳዶና ቱቦ ይያዙ።

ቴስታታው ከመግባቱ በፊት በሲሊንደሮቹ ሥር የሚታሰሩት የነፋስ መምሪያ ቆርቆሮዎች ይግቡ። በኋላ ማስገባት አይቻልም፤ ብዙ "የታደሰ" ሞተር ያለነዚህ ይዘጋል። ነፋሱ በሲሊንደሩ ሥር እንዲዞር የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። የፑሽ ሮድ ቱቦዎቹ በሁለት እጅ ተስበው ርዝመታቸው 190 ሚ.ሜ ይሙላ፤ ስፌታቸው ወደ ላይ ይሁን። ያልተሳበ ቱቦ ጎማውን አይጫንም፣ በሳምንቱ ያልባል።

የቴስታታው ዳዶዎች መጀመሪያ በ10 ኒውተን ሜትር፣ ቀጥሎ ከመካከለኞቹ ጀምሮ እየተሻገረ ለ10 ሚ.ሜ ብሎን በ32፣ ለ8 ሚ.ሜ ብሎን በ25 ይጠብቁ። የትኛው እንደሆነ የግድ ለኩ፤ 8 ሚ.ሜውን በ32 ማጥበቅ ከብሎኩ ይነቅለዋል።

የቫልቭ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚ.ሜ ነው። ሲሊንደር 1 በመጭመቅ ጫፍ ላይ ሳለ ጀምሩና ፑሊውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር እያዞራችሁ 2፣ 3፣ 4 ሂዱ። የዲስትሪቡተሩ ማዞሪያ ዘንግ ሲሊንደር 1 በመጭመቅ ጫፍ ላይ ሳለ ይገባል፤ በ1600ው ላይ በዘንጉ ጫፍ ያለው ስንጥቅ ለብሎኩ መጋጠሚያ ቀጥተኛ ማዕዘን ሠርቶ ትንሹ ግማሽ ወደ ፑሊው ይሆናል። ፑንቲናው (በዲስትሪቡተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው መገናኛ) 0.4 ሚ.ሜ፣ ካንዴላው 0.7 ሚ.ሜ ይከፈት።

የዘይት ማቀዝቀዣውን አደራ። ብሮንዚና የበላ ሞተር ላይ የነበረ ማቀዝቀዣ ውስጡ ብናኝ ስለያዘ በእጥበት አይመለስም፣ ቀይሩት። ቆርቆሮዎቹ ሁሉ ከነብሎኖቻቸው ይመለሱ፤ በሞተሩና በመኪናው አካል መካከል ያለው ጎማም አዲስ ይሁን። ጎማው ከሌለ ማራገቢያው ከማርሚታው የተነሳውን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።

መመለስና ማስነሳት

የፍሪሲዮኑ ዲስክ በአሮጌ የካምቢዮ ዘንግ ወይም በልኩ በተጠረበ እንጨት መሃል ይያዝ፤ ብሎኖቹ በ25 ኒውተን ሜትር ይጥበቁ። በቮላኖው መሃል ዳዶ ውስጥ ላለችው ኩሽኔታ እጅግ ጥቂት ግሪስ ይበቃል፤ ትርፉ ዲስኩ ላይ ይረጫል። ካምቢዮውን ማርሽ አስገቡና ሞተሩን እየገፋችሁ ፑሊውን ጥቂት ጥቂት አዙሩ፤ ጥርሱ ሲገናኝ ራሱ ይገባል። አራቱን ብሎኖች ለመሳቢያ አትጠቀሙ፤ ሞተሩ ከተጠጋ በኋላ በ30 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ፔዳሉ ከ10 እስከ 20 ሚ.ሜ ነጻ ጨዋታ ይኑረው። ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫን 15 ሚ.ሜ ያህል ይግባ።

2.5 ሊትር ዘይት ሙሉ። ካንዴላዎቹ ሳይገቡ፣ የቦቢናው ገመድ ተነቅሎ፣ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙሩ፤ በአንድ ጊዜ ከ15 ሰከንድ በላይ አትያዙት። መብራቱ ካልጠፋ ሞተሩን አታስነሱ። ካምና ታፔት አዲስ ከሆኑ፣ እንደተነሳ ወዲያው ወደ 2,000 ዙር አውጡትና 20 ደቂቃ ያቆዩት። በዝግታ መንኮራኮር ለአዲስ ካም አደገኛ ነው፤ የሚረጭለት ዘይት ትንሽ ስለሆነ ጫፉ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይፋቃል። በእነዚያ ደቂቃዎች አንድ ሰው የቤንዚን ቱቦውን አይኑን ሳይነቅል ይጠብቅ፣ እሳት ማጥፊያ አጠገቡ ይሁን።

የማቀጣጠያው ጊዜ በስትሮብ (ብልጭ በሚል መብራት) ሲታይ፣ የቫኪዩም ቱቦው ተነቅሎ ከ3,000 ዙር በላይ 30 ዲግሪ ገደማ ይሁን። በደጋ ከተሞች ላይ ደግሞ የካርቡራተሩ ዋና ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ለባሕር ጠለል የተመረጠ ስለሆነ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያነሰ ጄት ግጠሙ። ጅማ ወይም ድሬዳዋ ከወረዳችሁ ግን ካንዴላውን እንደገና እዩ፤ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ጄቱ አንሷልና የቀደመውን መልሱ፣ ያነሰ ቤንዚን የጭስ ቫልቭ ያቃጥላል።

በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ሞተሩን በትልቅ ማርሽ ዳገት አታስጨንቁት፣ በአንድ ፍጥነትም ለረጅም ጊዜ አትንዱት። 500 ሲሞላ ዘይቱን ቀይሩ፣ የማጣሪያውን ክዳን ከፍታችሁ ወንፊቱን እዩ፣ የቫልቭ ክፍተቱንም ሞተሩ ባደረበት ጠዋት እንደገና ለኩ። በወንፊቱ ላይ ጥቂት ግራጫ ዱቄት የፋሻ መላመድ ነው፤ የሚያብለጨልጭ የመዳብ ወይም የነሐስ ቅጠል ካለ የብሮንዚና ወይም የዲስትሪቡተር ማርሽ ነውና አትንዱት። በሞተሩና በካምቢዮው መጋጠሚያ ሥር ጠብታ ከታየ በጣት ነክታችሁ አሽትቱ፦ የድኝ ሽታ ያለው ወፍራም ዘይት የካምቢዮው ዘንግ ማገጃ ነው፤ ሽታ የሌለው ቀጭን ከሆነ ከቮላኖው ጀርባ፣ ከማገጃው፣ ከጎማ ቀለበቱ ወይም ከካሙ ቆብ የመጣ ነው።